የእቁብ ብርና ኮምፒውተር

ለመሆኑ በእናንተ ቤት ዕቃ የሚመርጠው ማነው? የጓዳውን ሚስት፣ የሥራውን ባል ይመርጣል የምትሉ ብዙዎች እንደሆናችሁ እገምታለሁ። ምጣድ ሲገዛ ባል አስተያየት አይጠየቅም፤ መሰርሰሪያ ሲገዛ ደግሞ ሚስት ዋጋውን ብቻ ትሰማለች። ዕቃው ርካሽ እስከሆነ ድረስ ይህ ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን የአንድ ቤተሰብ የሁለትና የሦስት ዓመት ቁጠባ በአንድ ቀን ይዞ የሚሄድ ዕቃ ሲመጣስ? ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ እንዲህ ያለው ዕቃ ነው፤ የሕንፃ ንድፍ ስለሚሠራበትና ሬንደር ስለሚደረግበት ኮምፒውተር።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ እዚሁ ደብረ ማርቆስ የቤትና የሕንፃ ንድፍ ይሠራል። ሥራው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርበው የመስመር ሥራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ቤቱ ሳይሠራ ተሠርቶ የሚታይበት፣ ሰው ሁሉ «ስሪዲ» የሚለው ሥዕል ነው። ቀድሞ የዚህ ሙያ መሣሪያ ጠረጴዛ፣ ቲ-ስኩዌር፣ የቀለም ብዕርና ትሬሲንግ ወረቀት ነበር። በ1954 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም የተማሩት ቀደምት ባለሙያዎች ሁሉን በእጃቸው ይስሉ ነበር። አውቶካድ የተባለው ፕሮግራም ገና ለገበያ የወጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዘመን ብዕር ቢበላሽ ሌላ ብዕር ይገዛል፤ ዛሬ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ግን ቤት ይናወጣል።

በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ። ታስታውሱ እንደሆነ በዚያ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የብር ዋጋም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ባሕር ማዶ 1,000 ዶላር የሚሸጥ ማሽን ቀረጡና ማጓጓዣው ሳይታሰብ ቀድሞ 57 ሺህ ብር ነበር፤ በአንድ ወር ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ሆነ ማለት ነው። ደመወዝ ደግሞ እንደ ዶላር አይዘልም።

እንግዲህ በእኛ ቤት እቁብ ደረሰን። ብሩ የታሰበለት ነገር ነበረ፤ ለቤት ማኅበር ባንክ የሚቀመጠውን ቁጠባ ለመሙላት። የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው። ለሰው ቤት ሲነድፍ የሚውል ሰው ማታ የሚገባው ወደ ሰው ቤት ነው፤ ይህን ነገር ባለቤቴ በቀልድ ይናገረዋል እንጂ እንደሚያመው አውቃለሁ። በዚያው ሰሞን የሚሠራበት ላፕቶፕ አረጀና አንዲቱን የሳሎን ሥዕል ሌሊቱን ሙሉ ይዟት ማደር ጀመረ። «ደንበኛ የሚመርጠው በሥዕሉ ነው፤ ጥሩ ማሽን ያለው ልጅ ሥራውን ይወስድብኛል» አለ። እውነቱን ነበር። እኔም «ልጆቹ እስከ መቼ በየዓመቱ ቤት ይቀይራሉ?» አልሁ። እኔም እውነቴን ነበር። ሁለት እውነት በአንድ ቤት ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ባለትዳሮች ታውቁታላችሁ። ሁለት ሳምንት ያህል በቤታችን ቃል አጠረ። ከዚያ ጸለይንበት፤ ከጸለይን በኋላ ደግሞ ደብተር አወጣን። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ ስለ ግንብ ሠሪው የተናገረው ምሳሌ፣ ለንድፍ ሠራተኛ ቤት ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ደብተሩን ከማውጣታችን በፊት ግን የባለቤቴ አባት ከአማኑኤል ሊጠይቁን መጡ። እርሻ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። ልጃቸው ስለ ግራፊክስ ካርድና ስለ ራም ሲያብራራላቸው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፣ ስሙን ተወውና ለየትኛው መሬት ነው የምትገዛው?» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አየሽ፣ ለዋልካ መሬት የሚሆነው በሬና ለቀላል አፈር የሚሆነው አንድ አይደለም። ጥርሱ ይታያል፣ ጫንቃው ይታያል፣ ሰኮናው ይታያል፤ ከዚያ በፊት ግን መሬቱ ይታሰባል» አሉኝ። «አባባ፣ እኛስ መሬታችን ምን ዓይነት እንደሆነ መቼ አየነው?» አልኋቸው። ደብተሩ የወጣው በማግሥቱ ነው።

ያለፈውን ዓመት ሥራ አንድ በአንድ ጻፍን። ባለቤቴ ራሱ ተገረመ። ከአሥሩ ሥራ ሰባቱ ስምንቱ የመስመር ሥራና ሁለት ወይም ሦስት የቆሙ ሥዕሎች ነበሩ። በቤቱ ውስጥ እየተራመዱ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል የጠየቀው ደንበኛ በጣት ይቆጠራል። ከዚህም በላይ ደንበኞቹ ሥዕሉን የሚያዩት በትልቅ ስክሪን አይደለም፤ በቴሌግራም ተልኮላቸው በስልካቸው ነው። ቴሌግራም ደግሞ ሥዕሉ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ ጥራቱ ይቀንሳል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ብቻ ነው እንዳለ የሚደርሰው። እንግዲህ እስቲ አስቡት፤ ስንት ሺህ ብር ከፍለን ያመጣነው የብርሃን ጥራት መንገድ ላይ ይቀራል።

ሬንደር ምን እንደሆነ ለማታውቁ በአጭሩ ላስረዳ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉን ስትመታ፣ ከወለሉ ነጥራ ግድግዳውን ስታቀላ፣ መስተዋት ላይ ስትንጸባረቅ ኮምፒውተሩ የብርሃኑን መንገድ ያሰላል። 1920 በ1080 የሆነ አንድ ሥዕል ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ በመቶ የሚቆጠር ጨረር ይላካል። ድካሙ ይህ ነው። ተንቀሳቃሽ ምስል ሲሆን ደግሞ በሴኮንድ 30 ሥዕል ይፈልጋል። የ30 ሴኮንድ ምስል 900 ሥዕል ነው፤ አንዱ 2 ደቂቃ ቢወስድ 1,800 ደቂቃ፣ ማለትም 30 ሰዓት ይሆናል። በከተማችን 30 ሰዓት መብራት ሳይሄድ እንደሚቆይ የምትተማመኑ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ! ስለዚህ ማንም ተንቀሳቃሽ ምስል የሚሠራ ሰው ውጤቱ በአንድ የቪዲዮ ፋይል ሳይሆን ሥዕል በሥዕል እየተለየ እንዲቀመጥ ይዘዝ። መብራት 412ኛው ላይ ቢጠፋ፣ ሲመጣ ከ412ኛው ይቀጥላል፤ የተሠራው አይጠፋም።

አሁን ወደ ማሽኑ አካል እንግባ። እኅቶቼ፣ ይህን ክፍል «የወንዶች ነገር ነው» ብላችሁ እንዳትዘሉት፤ ብሩ የእናንተም ነው።

ማሽኑ ውስጥ ሁለት ዋና ሠራተኞች አሉ፤ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ። የትኛው ላይ ብር ማፍሰስ እንዳለባችሁ የሚወስነው የምትሠሩበት ፕሮግራም ነው። ኮሮና የተባለው ሬንደር የሚያደርገው በፕሮሰሰር ነው። ሉሚዮን፣ ኤንስኬፕ፣ ትዊንሞሽንና ዲ5 የሚደገፉት በግራፊክስ ካርድ ላይ ነው። ቪሬይና ብሌንደር በሁለቱም ይሠራሉ። የመስመር ሥራው፣ እነ አውቶካድ ማለቴ ነው፣ ብዙ ኮር ያለው ፕሮሰሰር ሳይሆን አንዱ ኮር ፈጣን የሆነ ይበቃዋል። ባልሽ ወይም ሚስትህ «በምን ፕሮግራም ነው የምትሠራው?» ተብለው ሳይመልሱ ሱቅ መግባት፣ መሬቱን ሳያዩ በሬ መግዛት ነው። ማክ ይሻላል ወይ ብለው የሚጠይቁም አሉ። ጥሩ ማሽን ነው፤ አርኪካድ፣ ስኬችአፕና ብሌንደር ይሠሩበታል። ሬቪትና ስሪዲኤስ ማክስ ግን የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። ተበላሽቶ ከሆነ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ላይ ማን ይከፍተዋል? ይህም ጥያቄ ነው።

የሻጮችን ቋንቋ መማር ግድ ነው። «ኮር አይ ሰቨን ነው» ሲሏችሁ ገና ምንም አልነገሯችሁም። አይ 7-7500ዩ የተባለው ፕሮሰሰር ያለው 2 ኮር ብቻ ነው፤ አይ 5-11400ኤች የተባለው «ታናሹ» ግን 6 ኮር አለው። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው አኃዝ ትውልዱን ያሳያል፤ 7 ሲል ሰባተኛ፣ 11 ሲል አሥራ አንደኛ። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ደግሞ ጠባዩን፤ ዩ ኃይል ቆጣቢ፣ ኤች ኃይለኛ ማለት ነው። ያገለገለ ለምትገዙ ትውልዱ ሌላም ምክንያት አለው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ አይቀበልም።

ግራፊክስ ካርድ ላይ ያለው ወጥመድ ከዚህ ይብሳል። አርቲኤክስ 3060 የሚለው ስም በዴስክቶፕም በላፕቶፕም አለ። የዴስክቶፑ በአብዛኛው 12 ጊጋባይት የራሱ ሜሞሪ ሲኖረው፣ የላፕቶፑ 6 ነው። ይህ ሜሞሪ ማለት ቤቱ፣ ዛፉ፣ ሶፋው፣ ምንጣፉ ሁሉ ተጭኖ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ቦታው ከሞላ ፕሮግራሙ ወይ ክፉኛ ይዘገያል ወይ ያቋርጣል። በላፕቶፕ ዘንድ ደግሞ ስማቸው አንድ የሆኑ ሁለት ካርዶች እንኳ አምራቹ በፈቀደላቸው ዋት መጠን በፍጥነት ይለያያሉ፤ ቀጭንና ቀላል የሆነው ብዙ ጊዜ ደካማው ነው። ካገለገሉት መካከል «ወርክስቴሽን» እየተባሉ የሚሸጡ አሉ፤ ኳድሮ የሚል ካርድ አላቸው። አካላቸው ጠንካራ ስለሆነ ለመስመር ሥራ እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን ኳድሮ ኤም1000ኤም ያለው ማሽን ካርዱ ላይ ብዙ ጊዜ 2 ጊጋባይት ብቻ ነው ያለው፤ ስሙ ግርማ አለው እንጂ ለዛሬ ሬንደር አይሆንም።

ራም 16 ጊጋባይት መነሻ፣ 32 ደግሞ እፎይ የሚያሰኝ ነው። 16 የምትገዙ ከሆነ በሁለት 8 መሆኑ ከአንድ 16 ይልቅ ይፈጥናል፤ በኋላ ለመጨመር ግን ባዶ ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጡ፤ በአንዳንድ ላፕቶፖች ራሙ ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ አይጨመርም። ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን። ከዚህ በላይ ስለ ዲስክ አላወራም።

የፊዚክስ መምህርት ስለሆንሁ ስለ አየራችን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ የሚፈላውና ባቄላ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። የኮምፒውተሩም ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ቀጭን ስለሆነ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ አየራችን ቀዝቃዛ ነው፤ አንዱ ያጎደለውን ሌላው ይክሳል። ስለዚህ ሰፊ መተንፈሻ ያለው ማሽን ምረጡ፣ ከጠረጴዛ ሥር ግድግዳ ላይ አታስጠጉት፣ በበጋ አቧራውን አስጠርጉ። ብዙዎቹ አምራቾች ማሽኑ እንዲሠራበት የሚፈቅዱት ከፍታ 3,000 ሜትር ገደማ ድረስ ነው። እኛ ከዚያ በታች ነን፤ ወደ ጮቄ ጥግ ከፍ ብላችሁ የምትኖሩ ግን ወረቀቱን አንብቡ።

የመብራቱ ነገር ከከፍታው ይልቅ ምርጫውን ይወስናል። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው መብራት ሲሄድ ሥራ አይጠፋም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በባትሪ ሲሠራ ግራፊክስ ካርዱ ኃይሉን ክፉኛ ስለሚቀንስ ሬንደሩ አይቀጥልም ማለት ይቻላል። ዴስክቶፕ ደግሞ በዚያው ብር የበለጠ ይሠራል፣ ሲበላሽ የተበላሸው ክፍል ብቻ ይቀየራል፤ ግን ዩፒኤስ ይሻል። ዩፒኤስ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም አትመኑ፤ 650 ቪኤ የሚለው ብዙ ጊዜ 400 ዋት እንኳ አይሞላም። ዓላማው ሥራውን አስቀምጦ ማሽኑን በሰላም ለማጥፋት የሚሆን ጥቂት ደቂቃ መስጠት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ እንዲያሠራችሁ አትጠብቁት። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ሶኬቱን ንቀሉ። መሬት የተቀበረ ሽቦ የሌለው ኪራይ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ይህ ምክር እጥፍ ነው።

«ለምን በኢንተርኔት ላይ አታሠሩትም? ሩቅ ያለ ኃይለኛ ኮምፒውተር በኪራይ ሬንደር ያደርግላችኋል» ያሉን ነበሩ። ይህ አገልግሎት በዓለም ላይ አለ፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑን ተዉትና፣ በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ መቆየቱን ያየ ሰው እንጀራውን በኢንተርኔት ላይ ብቻ አያስቀምጥም። ስለዚህ ፕሮግራሙም ማሽኑም ያለ ኢንተርኔት ቀናት፣ ምናልባትም ሳምንታት መሥራት የሚችሉ መሆናቸውን አስቀድመን ጠየቅን።

ከሁሉ የከበደን ግን ሌላ ነው። ሻጩ «ፕሮግራሞቹን ሁሉ በነፃ እጭንላችኋለሁ» ይላችኋል። «ክራክ» ማለቱ ነው፤ ያልተከፈለበት፣ ቁልፉ የተሰበረ። አገሩ ሁሉ የሚሠራው በዚህ እንደሆነ እናውቃለን። ባለቤቴም «ፈቃዱን በዶላር ግዛ ብትዪኝ ከማሽኑ ዋጋ ይበልጣል» አለ። ነገር ግን የአገራችን የቅጅ መብት አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ይጠብቃል። ከሕጉም በፊት ደግሞ የባለቤቴን ንድፍ አንድ ሰው ሳይከፍለው ገልብጦ ቢሠራበት ምን እንደምንል አሰብሁ፤ ይህም በእኛ ቤት ያልታየ ነገር አይደለም። ክራኩ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ እንደሚመጣ፣ አንድ ቀን የስድስት ወር ሥራ ቆልፎ ገንዘብ ሊጠይቅ እንደሚችልም የማይታወቅ አይደለም። እኛ በዚህ ላይ አቋም የያዝነው ማሽኑ ሳይገዛ ነው፤ ምክንያቱም የማሽኑን ዓይነት የሚወስነው ፕሮግራሙ ነውና።

ታዲያ ደሃ ምን ያድርግ? በነፃ፣ በሕጋዊ መንገድ የተሰጡ አሉ። ብሌንደር አንዱ ነው። ታሪኩን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ፕሮግራሙን ያሠራው ድርጅት ሲዘጋ፣ ተጠቃሚዎች በዓለም ዙሪያ 100,000 ዩሮ በሳምንታት ውስጥ አዋጥተው መብቱን ገዙትና ለሁሉም ነፃ አደረጉት። ይኸው ከዚያ ጊዜ ወዲህ ማንም ያለ ክፍያ፣ ለንግድም ቢሆን ይሠራበታል። አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ትዊንሞሽን ደግሞ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሆነ ነፃ ነው፤ እኛን እንደማያስከፍለን ሳልነግራችሁ ታውቃላችሁ። ለመስመር ሥራ ፍሪካድና ሊብሬካድ አሉ። አውቶዴስክ ለተማሪዎች የሚሰጠው ነፃ ፈቃድም አለ፤ እርሱ ግን ለትምህርት ነው እንጂ ለገቢ ሥራ አይፈቀድም፤ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች ይህን ልዩነት ልብ በሉ። በእርግጥ አዲስ ፕሮግራም መልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ባለቤቴ ሦስት ወር ያህል አኩርፎ ነው የለመደው።

ስሌቱን እንዲህ ሠራነው። ለምሳሌ ማሽኑ 120 ሺህ ብር ቢሆን፣ ከአንድ ሥራ ወጪው ተቀንሶ፣ ዐሥራቱም ወጥቶ 5 ሺህ ብር የሚተርፍ ቢሆን፣ ማሽኑ ዋጋውን የሚመልሰው በ24 ሥራ ነው። 24 ሥራ በስንት ወር ይመጣል? በክረምት ግንባታ ሲቀዘቅዝስ? ዋጋው እጥፍ የሆነው ማሽን ሥራውን እጥፍ ያመጣል ወይስ ያንኑ ሥራ ቶሎ ይጨርሳል? ሌሊት ተኝተን ሳለ ሬንደር የሚያደርግ ማሽን በ20 ደቂቃ ቢጨርስም በ40 ደቂቃ ቢጨርስም፣ ጠዋት ስንነሣ ሥዕሉ አልቆ ይገኛል። ይህችን ዐረፍተ ነገር ባለቤቴ ሲሰማ ነው ፊቱ የተፈታው። ቤቱን ሁሉ የሚያስወጣውን ካርድ ትቶ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለውን መረጠ።

መካሪ የሚያስፈልገው ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚመጣው ከባዱ ሥራ ነው። እዚህ ላይ አባባ እንደገና ረዱን። በእኛ አገር አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በመቀናጆ ያርሳሉ። ባለቤቴም እንደ እርሱ ብቻውን ከሚሠራ ሌላ የሙያ ጓደኛው ጋር ተስማማ። ተንቀሳቃሽ ምስል ሲመጣ ሥዕሎቹን ለሁለት ይካፈሉታል፤ ከ1 እስከ 450 በአንዱ፣ ከ451 እስከ 900 በሌላው ማሽን። ፋይሉን በፍላሽ ይዞ የሚመላለሰው ትልቁ ልጃችን ነው። ለዚህ ግን ሁለቱም ማሽኖች ላይ የፕሮግራሙ እትም አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ የጥላውና የቀለሙ መልክ ሊለያይ ይችላል። እንደ በሬው ሁሉ ማን መጀመሪያ እንደሚያርስም አስቀድሞ ይነገር፤ ዝናብ ከመጣ በኋላ የሚደረግ ውል ጠብ ነው።

የገዛነው ዴስክቶፕ ነው፤ 12 ጊጋባይት ካርድ፣ 32 ጊጋባይት ራም፣ መካከለኛ ፕሮሰሰር፣ ዩፒኤስ። አሮጌው ላፕቶፕ ሳይት ላይ ፕላን ለማሳየት ቀረ። የተረፈው ብር ወደ ቤት ማኅበሩ ሒሳብ ገባ፤ ሙሉውን አልሞላም፣ ግን ባዶ አልሆነም።

አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ምን እንዳደረግን ልንገራችሁ። ባለቤቴ ብሌንደርን ሳይጫን የሚሠራውን ዓይነት ከራሱ የሳሎን ሥራ ጋር በፍላሽ ይዞ ሄደ። ሻጩ ሊያሳየን የፈለገው የመኪና ጨዋታ ነበር። «ይቅርታ፣ ይህንን እንየው» ብሎ ፍላሹን ሰካ፤ ግማሽ ሰዓት ሬንደር ሲያደርግ ቆመን ጠበቅን። የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ አያስተምርም፤ ማሽን የሚለየው ከጋለ በኋላ ነው። ድንገት የሚጠፋ፣ እየቆየ የሚዘገይ፣ እንደ ወፍጮ የሚጮህ ከሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። የካርዱንም ሜሞሪ ከካርቶኑ ላይ ሳይሆን ዊንዶውስ ውስጥ «ታስክ ማናጀር» ከፍተን አነበብን። በአንደኛው ሱቅ ፍላሽ መሰካት አይቻልም አሉን፤ አመስግነን ወጣን። ደረሰኝ ላይ የየክፍሉ ሙሉ ስምና የመለያ ቁጥሩ እንዲጻፍ፣ ዋስትናውም ስንት ወር እንደሆነ በጽሑፍ እንዲሆን ጠይቁ። 300 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ሰው በቃል ዋስትና አይጽናናም።

መንገዱ በተከፈተ ሰሞን በአውቶቡስ ነው ያመጣነው። ከባዱን ግራፊክስ ካርድ አስፈትተን በራሱ ካርቶን በእጃችን ያዝነው፤ ተሰክቶ ቢሆን ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ላይ ሲወዛወዝ መሰኪያውን ሊሰብር ይችል ነበር። የኮምፒውተሩን ቀፎ ብርድ ልብስ ጠቀለልነው። አጠገባችን የተቀመጡ እናት ሕፃን የታቀፍሁ መስሏቸው «ልጁ ምነው ዝም አለ?» አሉኝ።

አሁን ማሽኑ ከልጆቹ መኝታ አጠገብ ባለችው ክፍል ተቀምጧል። ሥራ ሲበዛበት 400 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ሌሊቱን 10 ሰዓት ቢሠራ 4 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ደብተሩ ላይ እመዘግበዋለሁ። ያ ሁሉ ኃይል በመጨረሻ የሚወጣው ሙቀት ሆኖ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ይዘው እዚያች ክፍል ይሰበሰባሉ፤ «አባባ፣ ዛሬ ሬንደር የለህም?» እያሉ ይጠይቁታል።